ዕጣና ዕዳ፦ ስለ ሎተሪና ስለ ልጆች ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአገው ምድር፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት አጥቢያዎች የሚኖሩ ወላጆች በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጠው ሲነጋገሩ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የልጆቻችን ትምህርት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ መጽሐፉና ወንበሩም አይበቃም፤ መዋጮውም አሰልችቶናል። እንግዲህ እንደ ከተማ ሰዎች ቶምቦላ አውጥተን በትርፉ ብናሠራው ምን ነውር አለው? መንግሥትስ የሎተሪውን ትርፍ በሙሉ ለትምህርት ቢያውለው እኛ ከመዋጮ አናርፍምን?» የሚል ነው።

ይህ የሰነፎች ጥያቄ አይደለም። የሚጠይቁት ሰዎች ዲከረንስ ተክለው አራትና አምስት ዓመት ጠብቀው ከሰል የሚያከስሉ፣ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ የላብን ዋጋ የሚያውቁ ናቸውና። ስለዚህ «ይገባል» ወይም «አይገባም» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ አይበቃም። አስቀድመን ዕጣ በቅዱሳት መጻሕፍትና በአገራችን ልማድ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥለን ሎተሪ እንዴት እንደሚሠራና በሌላው ዓለም ለትምህርት ምን እንዳደረገ፣ በመጨረሻም የልጆቻችን ትምህርት በምን ሊቆም እንደሚገባው እንመለከታለን።

አንደኛ፤ ዕጣ በቅዱሳት መጻሕፍት

ዕጣ በግእዝ «ዕፃ» ይባላል። የማን እንደ ሆነ ያልታወቀውን ድርሻ መለያ ነው፤ አንድም በመለያው የደረሰው ድርሻ ራሱ ዕጣ ይባላል። በአማርኛ «ዕጣ ፈንታ» ስንል ሁለቱን አጣምረን መናገራችን ነው።

መጻሕፍት ዕጣን በዕጣነቱ አይነቅፉም። ምድረ ርስት ለእስራኤል ነገዶች የተከፈለችው በዕጣ ነው (ዘኍ. 26፤ ኢያ. 18)። በማስተስረያ ቀን ከሁለቱ ፍየሎች ለእግዚአብሔር የሚሠዋው የሚታወቀው በዕጣ ነበር (ዘሌ. 16)። ዮናስ በመርከብ ሳለ ዕጣው ወደቀበት (ዮና. 1)። ካህኑ ዘካርያስ ለማዕጠንት የገባው፣ ማትያስም በይሁዳ ፈንታ ከዐሥራ አንዱ ሐዋርያት ጋራ የተቈጠረው በዕጣ ነው (ሉቃ. 1፤ ሐዋ. 1)። ጠቢቡ ሰሎሞንም ዕጣውን የሚጥል ሰው ቢሆን ፍርዱ ግን የእግዚአብሔር መሆኑን አስተምሯል (ምሳ. 16)።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ፣ ዕጣውን በገንዘብ የገዛው ማንም የለም። ሁለተኛ፣ በዕጣ የሚለየው ነገር የእግዚአብሔር ወይም የማኅበሩ ሁሉ እንጂ ከተሸናፊ ኪስ የተወሰደ አይደለም። ሦስተኛ፣ ለአንዱ ዕጣ በመውጣቱ ሌላው ባዶ እጁን አልቀረም፤ ለይሁዳ ነገድ ርስቱ ሲደርሰው ብንያም ከርስቱ አልተነቀለም፤ ማትያስ ሲመረጥም ከእርሱ ጋራ የቀረበው ዮሴፍ ኢዮስጦስ የተባለው ከደቀ መዝሙርነቱ አልጎደለም።

ክፉ ዕጣም በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ሐማ አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን ለመምረጥ ዕጣ አስጥሏል (አስቴ. 3)። ጭፍሮችም በመስቀሉ ሥር በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ ተጣጥለዋል (ዮሐ. 19)። የእነዚህ ክፋት ከዕጣው አይደለም፤ የሌላውን መከራና የሌላውን ገንዘብ የራስ ትርፍ ለማድረግ ስለ ተጣለ ነው። እንግዲህ ዕጣን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፤ ዕጣው የጋራ የሆነውን በቅንነት ያከፋፍላልን? ወይስ ብዙዎቹን ባዶ አድርጎ አንዱን ያከብራል?

ሁለተኛ፤ ዕጣ በአገራችን ልማድ

በጎጃም የአባት ርስት ለወራሾች ሲከፈል ለምና ጭንጫው ከተደለደለ በኋላ ዕጣ ይጣል ነበር። ይህም ዳኛው እንዳያዳላ፣ ወንድም ወንድሙን እንዳይጠረጥር የተደረገ ጥበብ ነው።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ቢጥሉ ሁለት ሺህ ብር ይሆናል፤ ዕጣ የወጣለት በዋስ ይወስዳል። ሃያው ሳምንት ሲፈጸም ግን ከሃያው አንዱ እንኳ ሳይቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ሺህ ብሩን ወስዷል። እዚህ ዕጣው የሚለየው ተራን ነው፤ ባለቤትን አይለይም። ቀድሞ የደረሰው በኋለኛው አይከብርም፤ ኋላ የደረሰውም በፊተኛው አይደኸይም። ስለዚህ በአንድ ቀን በአንድ መንደር የዕቁብ ዕጣና የሎተሪ ዕጣ ቢወጣ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው ለየብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ሎተሪ ምንድን ነው?

«ሎተሪ» የሚለው ቃል ወደ እኛ የመጣው ከኢጣልያ ቋንቋ ነው፤ ሥሩም ዕጣ ወይም ድርሻ ማለት ነው። «ቶምቦላ»ም ከዚያው ከኢጣልያ የመጣ ነው። መንግሥታት ሎተሪን ለሕዝብ ሥራ ማዋል የጀመሩት ከጥንት ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1567 ሎተሪ አሳውጃ በ1569 ዕጣው ወጥቷል፤ ትርፉም ወደቦችን ለማደስና ለመሳሰለው የሕዝብ ሥራ የታሰበ ነበር። በዚያው አገር በ1753 የብሪታንያ ሙዚየም ሲመሠረት ገንዘቡ የተሰበሰበው በሎተሪ ነው። በአሜሪካም እንደ ሃርቫርድና እንደ ዬል ያሉት ትምህርት ቤቶች በቀድሞው ዘመን ለሕንፃ ሥራ ሎተሪ አውጥተዋል።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቢለዋወጥም ሎተሪው አልቀረም። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ፣ ቶምቦላ፣ ፍቀው የሚያዩት ፈጣን ሎተሪ፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ የሚቆረጠው ሁሉ የዚሁ ቅርንጫፎች ናቸው። ትርፉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባ ነው፤ ከዚያም ከሌላው ገቢ ጋራ ተቀላቅሎ ለመንገድም፣ ለጤናም፣ ለትምህርትም ይውላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከአንድ ሺህ ብር በላይ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ከመቶ 15 ግብር እንዲቀነስ ደንግጓል። ማንኛውም ድርጅት ወይም ማኅበር ቶምቦላ ለማውጣት ቢፈልግ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚደረገው በሕግ ያስጠይቃል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ መቶ ሺህ ቲኬት እያንዳንዱ በ10 ብር ተሸጠ እንበል፤ አንድ ሚሊዮን ብር ይሰበሰባል። ከዚህ ግማሹ 500 ሺህ ብር ለባለ ዕጣዎች ቢመደብ፣ ለኅትመት፣ ለማስታወቂያና ለአዟሪዎች ድርሻ 200 ሺህ ቢወጣ፣ ለታሰበው በጎ ሥራ የሚቀረው 300 ሺህ ነው። እንግዲህ «ለትምህርት ቤት 10 ብር ሰጠሁ» የሚለው ሰው በእውነት የሰጠው 3 ብር ነው፤ ሰባቱን ብር ተስፋ ገዝቶበታል። እነዚያው መቶ ሺህ ሰዎች ቲኬት ሳይቆርጡ ሦስት ሦስት ብር በግልጥ ቢሰጡ ያው 300 ሺህ ብር በተገኘ፣ ሰባት ሰባት ብራቸውም በየቤታቸው በቀረ ነበር።

የዕድሉንም ነገር እንቍጠር። የተመደበው 500 ሺህ ብር ለዐሥር ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ሺህ ሆኖ ቢታደል፣ አንድ ቲኬት የያዘው ሰው ዕድሉ ከዐሥር ሺህ አንድ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ዐሥር ሺህ ቲኬት ለመሙላት ከ190 ዓመት በላይ መኖር ያስፈልገዋል። ያም ቢሆን ያለፈው ለሚመጣው አይቈጠርለትም፤ «ብዙ ጊዜ ስለ ሳትሁ አሁን ተራዬ ደርሷል» ማለት የዕቁብ ሒሳብ እንጂ የሎተሪ ሒሳብ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሎተሪውን በዕቁብ ልብ ይገዛዋልና።

አራተኛ፤ ሎተሪና ትምህርት በሌላው ዓለም

«ትርፉ ሁሉ ለትምህርት ይሁን» የሚለው አሳብ በሌላ አገር ተሞክሯልና ፍሬውን ማየት ይቻላል።

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሽር የተባለችው ክፍለ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዘመናችን የመጀመሪያውን የክፍለ አገር ሎተሪ ስታወጣ ትርፉን ለትምህርት ቤቶች ሰጠች። ካሊፎርንያም በ1984 በሕዝብ ድምፅ ሎተሪ አቋቁማ ከሚሰበሰበው ከመቶ 34 ለትምህርት እንዲሆን ደነገገች። ሕዝቡ ይህን በሰማ ጊዜ የትምህርት ዕዳ የተከፈለ መሰለው። ነገር ግን ሎተሪው ለካሊፎርንያ ትምህርት ቤቶች የሚያስገባው ከጠቅላላው ወጪያቸው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የቀረውን የሚሸፍነው እንደ ቀድሞው ግብር ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። ሎተሪው በአንድ በኩል ለትምህርት ገንዘብ ሲያስገባ፣ ምክር ቤቱ «ትምህርት የራሱ ገቢ አለው» ብሎ በሌላ በኩል ከበጀቱ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ይህም በአንድ ማድጋ ውኃ እየጨመሩ በሌላው ወገን እንደ መቅዳት ነው፤ የጨመረው ሰው ይደክማል፣ ማድጋው ግን አይሞላም። ይህን ስለ ፈሩ እንግሊዞች በ1994 ብሔራዊ ሎተሪያቸውን ሲያቋቁሙ፣ የሎተሪው ገንዘብ መንግሥት ሊያደርገው በሚገባው ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳይሆን መመሪያ አድርገው ያዙ። መልካም መመሪያ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከተገኘ።

ሦስተኛው የጆርጅያ ምሳሌ ነው። ይህች ክፍለ አገር ከ1993 ጀምሮ የሎተሪውን ትርፍ ለትጉሃን ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ አድርጋዋለች፤ ብዙ ተማሪም ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት ቲኬቱን ከገቢው ጋራ ሲነጻጸር አብዝቶ የሚገዛው ድሀው ሲሆን፣ ከክፍያው አብዝቶ የሚጠቀመው ኑሮው የተሻለ ቤተ ሰብ ልጅ መሆኑን አግኝተዋል። የድሀው ተስፋ የባለጸጋውን ልጅ ያስተምራል ማለት ነው። ከሰጪውና ከተቀባዩ ማን ማንን መርዳት ይገባው እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

አምስተኛ፤ ትምህርት በአገራችን በምን ቆሞ ኖረ?

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ሺህ ዓመት የዘለቀው በሎተሪ አይደለም። በጎጃም የቅኔው ጉባኤ በዋሸራና በጎንጅ ሲሰፋ፣ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን፣ ቁራሹን የሰጠችው እናት ልጁ የማን እንደ ሆነ አልጠየቀችም። ከሌላ አገር የመጣ፣ ነገም ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ነበርና ዋጋዋን ከእርሱ ተስፋ አላደረገችም። እኛ ፊደል የቈጠርነው፣ ዜማና ቅኔ የተማርነው በዚያ ቁራሽ ነው። ያ ቁራሽ ከባለጸጋም ከድሀም ቤት በየዐቅሙ ይወጣ ነበር፤ ሰጪዋም ሰጥታ ዕጣ አልጠበቀችም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ደግሞ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብርን በአዋጅ ደነገገ። ግብሩ በመሬት ላይ የተጣለ ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። ገበሬው ከርስቱ የሚከፍለው በአገሩ ላሉ ልጆች ትምህርት ነበረና አሳቡ የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ግብር የሚጸናው በመተማመን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ በጎጃም በብዙ ወረዳዎች ዐመፅ መነሣቱን ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ሕዝቡ የሚከፍለው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ አላመነምና። ስለ ሎተሪ ግን እስከ ዛሬ የዐመፀ ሰው አልተሰማም። መንግሥታት ሁሉ ሎተሪን የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ግብር መሆኑን ሳያውቅ ወድዶ የሚከፍል ሰው አይከራከርምና።

ዛሬስ? የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፤ ክፍል መሥራቱ፣ አጥሩ፣ ወንበሩ ግን ብዙ ጊዜ በወላጆች መዋጮ ይሞላል። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄም ሕዝቡ ትምህርት ቤቶቹን እንዲያድስ የጠራ ነው። ጥሪው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ እንደ ነበሩ ተነግሯል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ብዙ ልጆችን ሜዳ ላይ አስቀርቷል።

በአዊ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ልጆቹ በታችኛው ክፍል በአፍ መፍቻቸው በአገውኛ ይማራሉ። ለብዙ ሚሊዮን ተናጋሪዎች የሚታተም መጽሐፍ ሻጭ ነጋዴ ያገኛል፤ ለጥቂት ሕዝብ በቋንቋው የሚዘጋጅ የሕፃናት መጽሐፍ ግን ነጋዴ አያተርፍበትም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚታተመው ማኅበረ ሰቡና መንግሥት «ይህ ዕዳችን ነው» ሲሉ ብቻ ነው። በዕድል ለሚገባ ገንዘብ ቢተዉት በበጎው ዓመት ይታተማል፣ ቲኬቱ ሳይሸጥ በቀረበት ዓመት ይቀራል፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ግን የሚመጣውን ዕጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ ያድጋል።

ስድስተኛ፤ ስለሚነሡት ጥያቄዎች መልስ

«ገንዘቡ ለበጎ ሥራ ከዋለ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። የካህናት አለቆች ይሁዳ የጣለውን ሠላሳ ብር ወደ መባ ሣጥን ለማግባት ሕጋቸው ከልክሏቸው የእንግዶች መቃብር ገዙበት (ማቴ. 27)። ሎተሪን ከደም ዋጋ ጋራ ማስተካከል ፍርድ ማዛባት ነው፤ እንዲህ አንልም። ነገር ግን የገንዘብ መዋያ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም እንደሚመረመር ከዚህ እንማራለን። ትርፉ ከተረፈው ሰው ከመጣ ስጦታ ነው፤ ከልጁ ደብተር ቀንሶ ቲኬት ከቆረጠው አባት ከመጣ ግን ትምህርትን በትምህርት መግዛት ነው፤ ከአንዱ ልጅ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነውና።

«የአዟሪዎቹስ እንጀራ?» የሚልም አለ። ከአዟሪዎቹ ብዙዎቹ አካለ ስንኩላን፣ ጥሪት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። ፀሐይና ዝናም ሳይሉ ዞረው የሚያገኙት የላባቸው ነውና ሊናቁ አይገባም። አዟሪውን በደጁ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁር ክርስቲያን፣ ሌላ ሥራ ሊያገኝለት ጣቱን ያላነሣ ከሆነ፣ ወቀሳው በራሱ ላይ ይመለሳል።

«ድሀ ተስፋ እንኳ አይኑረውን?» ለሚሉት ደግሞ፣ ተስፋ ሁለት ዓይነት ነው እንላለን። ዲከረንስ የተከለ ገበሬ አራት ዓመት ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋው ያስቆፍረዋል፣ ያሳርመዋል፣ ከከብት ያስጠብቀዋል። ቲኬት የያዘ ሰው ተስፋ ግን ዕጣው እስኪወጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ፊተኛው ሰውን ያሠራል፤ ሁለተኛው ያስተኛል። ልጅን ማስተማር ከፊተኛው ወገን ነው፤ ዘርቶ መጠበቅ ነውና።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየከተማው የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ነው። ወጣቱ የደብተርና የትራንስፖርት ገንዘቡን በማያውቀው አገር ኳስ ላይ አስይዞ፣ ከትምህርቱ ቀርቶ ውጤት ሲጠብቅ ይውላል። በሐዋርያት ስም በሚጠራው ቀኖና ለቁማር ራሱን ያስገዛ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ከሹመቱ እንዲሻር፣ ምእመንም እንዲሁ እንዲለይ መታዘዙ ስለ ገንዘቡ መጥፋት ብቻ አይደለም። ቁማር ልብን ከሥራና ከጸሎት ስለሚነጥቅ ነው። ከቁማር ተማሪ የሚያወጣ ግብር ለትምህርት ቤት ጣሪያ ቢሰጥ፣ ጣሪያው ከማን በላይ ይቆማል?

ሰባተኛ፤ ምን እናድርግ?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው መልስ እንምጣ። ሰዎች «መዋጮ ሰለቸን» ሲሉ በእውነት የሰለቻቸው መስጠት ነውን? ሳይሆን አይቀርም ብለን በችኮላ አንፍረድ። የሎተሪ ዕጣ በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ የወጣው ቁጥር ይነበባል፤ በጋዜጣ ይታተማል፤ ሁሉም ቲኬቱን አውጥቶ ያመሳክራል። የመዋጮ ሒሳብ ግን ስንት ጊዜ በሕዝብ ፊት ተነበበ? ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ቆርቆሮው በስንት ተገዛ ተብሎ መቼ ተነገረ? ሕዝቡ ሎተሪን የሚያምነው ስለሚያከብረው አይደለም፤ ስለሚገለጥለት ነው። መዋጮን የሚሸሸውም ስለ ንፍገት ብቻ አይደለም፤ ስለሚሰወርበት ነው።

ይህም በዘመነ ብሉይ የደረሰ ነገር ነው። ንጉሥ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት እንዲታደስ አዝዞ ካህናቱ ከሕዝቡ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። እስከ ነገሠ 23ኛው ዓመት ድረስ ግን የቤቱ መፍረስ አልታደሰም። ንጉሡ ሕዝቡን «ንፉግ» ብሎ አልገሠጸም፤ ዕጣም አላወጣም፤ ሥርዐቱን አስተካከለ እንጂ። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ በሞላ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ቈጠሩት፤ የተመዘነውም ገንዘብ ለጠራቢዎችና ለግንበኞች ተሰጠ (2ኛ ነገ. 12)። ያን ጊዜ ቤቱ ታደሰ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነበር፤ የተለወጠው ሣጥኑ ነው። ይህ ታሪክ አስቀድሞ የሚነካው እኛን ካህናትን ነው፤ ቀጥሎ የኮሚቴ ሰዎችን ነው።

ስለዚህ በሦስት ወገን ያለውን እንናገራለን።

ለአገር አስተዳዳሪዎች፦ ሎተሪው በሕግ የቆመ ነውና ትርፉ ለትምህርት ቢታሰብ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በበጀቱ ላይ ይጨመር እንጂ በጀቱን አይተካ፤ ስንት ገብቶ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደ ዋለም ልክ እንደ ዕጣው ቁጥር በየዓመቱ ይነገር። ለወጣቶች የሚደረገው ውርርድ ደግሞ ስለሚያስገባው ግብር ተብሎ አይታለፍ።

ለአጥቢያና ለትምህርት ቤት ኮሚቴዎች፦ በቤተ ክርስቲያን ስም ቶምቦላ ከማውጣት መከልከል ይሻላል። ሕግ ቢፈቅደው እንኳ ከሚሰበሰበው እጅግ የሚበዛው ለዕጣና ለወጪ እንደሚሄድ በሒሳብ አይተናል፤ ልጆችም ትምህርት ቤታቸው በዕድል እንደ ተሠራ እየሰሙ ሊያድጉ አይገባም። በዚህ ፈንታ የኢዮአስን ሣጥን ሥሩ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በካህን፣ አንዱ በወላጆች ተወካይ እጅ ይኑር። በወር አንድ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ይቈጠር፤ የገባውና የወጣው በወረቀት ተጽፎ በደጀ ሰላም ይለጠፍ። ገንዘቡም በማንም ኪስ ሳያድር ለቆርቆሮው ሻጭና ለአናጢው በደረሰኝ ይከፈል። የድሀው መዋጮ ከባለጸጋው ጋራ እኩል አይሁን፤ ጌታችን የመበለቲቱን ሁለት ሣንቲም ያመሰገነው ከጉድለቷ በመስጠቷ ነው (ማር. 12)፤ ከእርሷ ሌላ አራት ሣንቲም ይጨመር አላለም።

ለቤተ ሰብ፦ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ከክርስትና ወጣ አንልም። ነገር ግን አንድ ሚዛን እንስጥ፤ በየሳምንቱ ለቲኬት የምታወጣውን ለአንድ ዓመት ጽፈህ ያዝ፤ በአጠገቡ ለልጆችህ መጽሐፍ ያወጣኸውን ጻፍ። ሁለቱን ስታነጻጽር ልብህ ወዴት እንዳለ ራስህ ታውቀዋለህ። ካህን ግን ፈጽሞ አይግዛ፤ ሕዝቡ ከእርሱ የሚማረው ከስብከቱ ይልቅ ከእጁ ነውና።

የዘንገናን ሐይቅ ያየ ሰው ይህን ሊያስተውል ይችላል። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው ይባላል፤ ነገር ግን ታላቅ ወንዝ ገብቶ አልሞላውም። ከሰማይ የወረደ ዝናም፣ ከምድር ውስጥ በዝግታ የሰረገ ውኃ አጠራቀመው እንጂ። የልጆች ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀን በሚደርስ ታላቅ ዕጣ አይሞላም፤ ሁሉም በየጊዜው፣ በየዐቅሙ፣ ሳይሰውር በሚያፈስሰው ይሞላል። ዕጣ ለአንዱ ይደርሳል፤ ዕዳ ግን የሁላችን ነው።

ለአባቶቻችን በቁራሽ የማስተማርን ጸጋ የሰጠ እግዚአብሔር፣ ለእኛም በግልጥ የመስጠትንና በእውነት የመቍጠርን ልብ ያድለን፤ የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈትልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።